ጥቁሩ ባንዲራ

ጆሃንስበርግ አብረው የተማሩ ስድስት ጓደኛሞች ነበሩ። ተመርቀው በየሥራቸው ከተበተኑ በኋላ፣ «አንድ ሳምንት ባሕር ዳርቻ አብረን እናሳልፍ፣ ሰርፊንግም እንማር» ተባባሉ።

ደርባን ተወልዶ ከልጅነቱ በማዕበል ላይ ሲንሸራተት ያደገው ልጅ «ጄፍሪስ ቤይ ነዋ!» አለ። እዚያ ስላለው፣ ሱፐርቱብስ ስለሚባለው ፈጣንና ረጅም ማዕበል ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። ሌሎቹም «ደስ ይለናል»፣ «እኔ በተባለው እስማማለሁ» አሉ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ጉዞውን እንድታሰናዳ የተመረጠችው ልጅ ግን ቤት ከመከራየቷ በፊት ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ደወለች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዋና ትችላላችሁ? ሳትበደሩስ ስንት ማውጣት ትችላላችሁ? ያኔ ሌላ ወሬ ተሰማ። አንዷ ውሃ ከጉልበቷ በላይ ነክቷት አያውቅም። የሌላው ደመወዝ የሚያልቀው በታናናሾቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሁለቱም «በተባለው እስማማለሁ» ካሉት ውስጥ ነበሩ።

የሰማችውን ለማንም ትንፍሽ ሳትል ቁርጡን አሳወቀች፦ «ሙይዘንበርግ እንሄዳለን፣ በአውቶቡስ።» ሙይዘንበርግ ኬፕታውን ጫፍ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። ወለሉ አሸዋ ነው፣ ጥልቀቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ማዕበሉም ዝግ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ከጆሃንስበርግ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የደርባኑ ልጅ «እሱማ የሕፃናት ነው» ብሎ ተከፋ። «ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲም ሰርፊንግ በ1922 እዚያ ነው የጀመረችው፤ ደግሞ አስተማሪያችን አንተ ነህ» አለችው።

ዋና የማትችለው ልጅ ላዩ ለስላሳ በሆነ ትልቅ ቦርድ ላይ በሆዷ ተኛች። ጣቶቿ ከቦርዱ ጠርዝ አንላቀቅ አሉ። የደርባኑ ልጅ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቦርዱን ከኋላ ይዞላታል። የተሰበረው ማዕበል አረፋውን እየነዳ ሲደርስ «አሁን!» ብሎ ገፋት። በጉልበቷ ተነሳች፣ ግራ እግሯን አስቀደመች፣ ቀና ልትል ስትል ዘጭ! ቁርጭምጭሚቷ ላይ በታሰረው ገመድ ቦርዱን ስባ፣ ጨው ውሃ እየተፋች «ድገመኝ!» አለችው።

በማግስቱ ዳርቻው ላይ ጥቁር ባንዲራ ተሰቅሎ አገኙ። እዚያ ከ2004 ጀምሮ ከጀርባው ተራራ ላይ ሆነው ባሕሩን የሚቃኙ የሻርክ ጠባቂዎች አሉ። አረንጓዴ ከሆነ ውሃው ይታያል፣ ሻርክም አልታየም ማለት ነው፤ የሻርክ ምስል ያለበት ነጭ ባንዲራ ወጥቶ ሳይረን ከጮኸ ሁሉም ከውሃው ይወጣል። ከመካከላቸው አንዷ ስለ ጥቁሩ አንዱን ጠባቂ ጠየቀችው። «ሻርክ አላየንም፤ ግን ዛሬ ውሃው አጥርቶ አያሳይም» አላት። በዚያን ቀን ከዳር ሳይርቁ ተለማመዱ።

ጓደኛሞች ተሰብስበው ሲመክሩ የሚሰማው «እስማማለሁ» እንደ ጥቁሩ ባንዲራ ነው። ችግር አልታየም ማለት እንጂ ችግር የለም ማለት አይደለም። እኛ ግን አረንጓዴ አድርገን እናነበዋለን። በተለይ ይሉኝታ በነገሠበት በእኛ ዘንድ፣ «ብር የለኝም» ወይም «ውሃ እፈራለሁ» ብሎ በሰው ፊት መናገር ከባድ ነው። ድምፁ ጎላ ያለው ይወስናል፣ የቀረው ራሱን ይነቀንቃል። የደርባኑ ልጅ ቅሬታ እውነት አለው፤ የሚመኘው ማዕበል ቀርቶበታል። እሱ ግን ምኞቱን በአደባባይ መናገር አላቃተውም፤ በሌላ ጊዜም ከአቻዎቹ ጋር ሊሄድበት ይችላል። የእነዚያን የሁለቱን ሐቅ ያወጣው የግል ስልክ ብቻ ነው። ጥያቄው ሰው ጓዳ መግባት የሚመስላቸው አሉ። ምስጢሩን ጠብቆ መጠየቅ ግን አክብሮት ይመስለኛል።

የእኛም የባች ጉዞ፣ ላንጋኖ ይሁን ሐዋሳ፣ መዋጮው የሚቆረጠው በጉባኤ ነው። በመጨረሻው ቀን «አመመኝ» ብሎ የቀረ ጓደኛችን ስንቱ ነው? የመዋጮውን ልክ ከመቁረጣችን በፊት ለብቻው ያልደወልንለት፣ ከጉዞው ስንመለስ ግን «ተለወጠ» ብለን ያማነው?