ያላለቀ ሐሳብ ማን ላይ ይሞከራል?

እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች የምንወዳት አባባል አለች፦ «መጀመሪያ ልቀቀው፣ በኋላ ታስተካክለዋለህ።» ለስልክ አፕ ትሠራለች። ዛሬ የተበላሸው ነገ በአፕዴት ይስተካከላል። እኔ ግን ያደግኩት ሰርቦ ነው፤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቡና አገር ውስጥ። የተተከለ ቡና ደግሞ አፕዴት አይደረግም። ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ዝርያው የማይሆን ከሆነ ገበሬው መሬቱንም ዓመታቱንም ይከስራል።

ማንኛውም ፈጠራ ሲጀመር ጎዶሎ ነው፤ የሚሻሻለው እየተሞከረ ነው። እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ እስኪሻሻል ድረስ የሚፈጠረውን ስህተት ማን ይክፈል?

እዚያው ጅማ የሆነ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገስ ነው፤ ገና ያልቀላውን ፍሬ ያጠቁረዋል። ተመራማሪዎቹ ፊት የነበሩት ሁለቱም ምርጫዎች መጥፎ ነበሩ። በተለመደው መንገድ አዳቅሎና ደጋግሞ ፈትኖ አዲስ ዝርያ ማውጣት የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ እስከዚያ በሽታው አይጠብቅም። ሳይፈትኑ ማደል ደግሞ በሰው ጓሮ ቁማር መጫወት ነው።

ጅማ አጠገብ፣ መልኮ ላይ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ሦስተኛ መንገድ ያዘ። በሽታው ክፉኛ በመታው ቦታ ሳይነኩ የቆሙ ዛፎች ተፈለጉ። ከዚያ መፈተኑና ማባዛቱ ጎን ለጎን ሄደ፤ የአንዱ ዛፍ ፈተና ሳያልቅ ዘሩ ይባዛ ነበር። ዛፉ ፈተናውን ከወደቀ ከሱ የተባዛው ሁሉ ይወገዳል። ያለፉት ብቻ ለገበሬ ይሄዳሉ። 74110 የሚባለው ዝርያ እንዲህ የመጣ ነው። 74 ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974። እናት ዛፉ የተገኘው ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው፤ ዝርያው በ1979 ተለቀቀ። ዛሬም ውጭ አገር በሚሸጡ የቡና ከረጢቶች ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ይታያል።

ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ቸኩለዋል። የተጣለውን ችግኝ ድካምና ወጪ ግን ማዕከሉ እንጂ ገበሬው አልተሸከመውም።

«እነሱ የመንግሥት በጀት አላቸው፤ እኔ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው ያለኝ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እኔም ያው ነኝ። ጀንፈል ቡና በደንብ መድረቁን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ሳስብ ከርሜያለሁ። ቡና ሳይሻግት እንዲቀመጥ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት። ሰርቦ ያለው አጎቴ ይህንን የሚያውቀው ፍሬውን ጆሮው ሥር እያንኳኳኳ ነው፤ ከደረቀ ውስጡ ይንቀጫቀጫል። ሐሳቤን ስነግረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ዕቃህ ከተሳሳተች የሚሻግተው የማን ቡና ነው?»

መልሴ ይህ ነው፦ አቅም ከሌለኝ ሙከራውን ማሳነስ እችላለሁ፤ ወጪውን ወደ እሱ ማዞር ግን አልችልም። አንድ ጆንያ ገዝቼ፣ በመሣሪያዬ ቃል የሚከማቸው የራሴ ጆንያ ይሆናል። የእሱ ቡና እንደ ድሮው በጆሮው ይዳኛል። መሣሪያዋ ከጆሮው ጎን አንድ ሁለት የምርት ወቅት ትቆይ፣ ከዚያ እናያለን።

ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡም የሚሻሻለው እንዲህ ነው። በሌላ ሰው ኪሳራ ስትሞክር ስህተትህ አንተ ጋ አይደርስም። የተጎዳ ገበሬ ሪፖርት አይጽፍልህም፤ ዕቃህን ጥግ ላይ ጥሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። አንተ ደግሞ «ገበሬው ቴክኖሎጂ አይቀበልም» እያልክ ትኖራለህ። የሻገተው ጆንያ ያንተ ሲሆን ግን ሽታው ቤትህ ድረስ ይመጣል፤ የሚቀጥለውን ቨርዥን ከምን እንደምትጀምርም ታውቃለህ።