ለኤጀንት መሣሪያ መግለጫ ለምትጽፈው ልጄ

ልጄ፣ ለወላጆቻችን የሐኪም ቀጠሮ የሚይዝ የኤአይ ኤጀንት ልትሠሪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ኮዱን ከእኔ የተሻለ ትጽፊዋለሽ። እኔ የምመክርሽ ብዙዎች መጨረሻ ላይ በችኮላ ስለሚጽፉት ነገር፣ ኤጀንቱ ስለሚጠራቸው መሣሪያዎች መግለጫ ነው።

ሞዴሉ ኮድሽን አያየውም። የሚያየው የመሣሪያውን ስም፣ አንቺ የጻፍሽለትን መግለጫና መሣሪያው የሚቀበላቸውን መረጃዎች ዝርዝር ብቻ ነው። ኦፕንኤአይ በጁን 2023 ሞዴሉ መሣሪያ የሚጠራበትን ይህን አሠራር ለገንቢዎች ሲከፍትም፣ አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ሞዴሎችን ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘውን ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን ሲያወጣም ነገሩ ያው ነው። ሞዴሉ የትኛውን መሣሪያ እንደሚያነሳና ምን እንደሚሞላበት የሚወስነው ከዚያ ጽሑፍ ተነሥቶ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል ብለሽ የተውሽውን እሱ በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱ ደግሞ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ያለውን የእኛን ሰው አያውቅም።

ሰዓትን ውሰጂ። አንዲት እናት «ለሐሙስ ሦስት ሰዓት ቶር ያዝልኝ» ትላለች፤ ቶር በዕብራይስጥ ቀጠሮ ነው። እሷ የምትለው ጠዋት 9:00 ነው። መግለጫሽ «የቀጠሮ ሰዓት» ብቻ ካለ ኤጀንቱ 15:00 ብሎ ሊይዝ ይችላል። መሣሪያው ሳይሰናከል ሠርቷል፣ የስህተት መልእክትም አልወጣም፤ እናትየዋ ግን ሐሙስ ጠዋት ክሊኒክ ሄዳ ስሟን ታጣለች። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይላክ፤ ለምሳሌ 09:00። በአማርኛ የተነገረ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ ከመያዝህ በፊት ጠዋት ወይስ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ጠይቅ።» ስድስት ሰዓት ደምር ብለሽ ብቻ አትለፊው። እዚህ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው አማርኛ እየተናገረ በዚህ አገር ሰዓት ሊቆጥር ይችላል፤ በአንድ ቤት ባልና ሚስት እንኳ ይለያያሉ።

ስምም እንዲሁ ነው። አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አልነበረንም። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በሜይ 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል መጥተን ስንመዘገብ ለአንዱ የአባቱ፣ ለሌላው የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈ፤ ብዙ ልጆች ላይ የዕብራይስጥ ስም ተጨመረ። የትውልድ ቀናቸውን ለማያውቁትም ለብዙዎቹ ጃንዋሪ 1 ተሞላላቸው። በስምና በትውልድ ቀን የሚፈልግ መሣሪያ ስንቱን ሰው እንደሚያደባልቅ አስቢው። «ታካሚ ፈልግ» የሚለው መሣሪያሽ የመታወቂያ ቁጥር ይጠይቅ፤ መግለጫውም «ዘጠኝ አሃዝ፣ መነሻው ዜሮ ቢሆንም ሳይጣል» ይበል። የመረጃውን ዓይነት ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ አድርጊው፤ አለዚያ ዜሮው ይጠፋል። ከአንድ በላይ ሰው ከተገኘ አይምረጥ፣ ይጠይቅ። እኛ ልጆች ሳለን ለወላጆቻችን ሐኪም ዘንድ ስናስተረጉም ያልገባንን መልሰን እንጠይቅ ነበር። ኤጀንት ግን «ጠይቅ» ካልተባለ ብዙ ጊዜ ያለውን ይዞ ይሄዳል።

መሣሪያው መቼ እንደማይነሳም ጻፊ። «ቀጠሮ ሰርዝ» እና «ቀጠሮ አዛውር» ጎን ለጎን ካሉ፣ ኤጀንቱ ለማዛወር መጀመሪያ ሰርዞ ኋላ አዲስ ሊፈልግ ይችላል። የልዩ ሐኪም ተራ ወራት ሊያስጠብቅ በሚችልበት አገር ይህ ከባድ ጉዳት ነው። መሰረዣው ላይ «ለማዛወር ይህን አትጠቀም፤ የተሰረዘ ተራ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል» የሚል ይኑር። ይህን ካልኩሽ ዘንድ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ መግለጫ ምክር እንጂ ቁልፍ አይደለም። ሞዴሉ አንብቦትም ሊስት ይችላል። ቀጠሮው ሳይረጋገጥ እንዳይሰረዝ የሚከለክለው ኮድሽ ይሁን።

የስህተት መልእክትም ለኤጀንቱ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ «400» የሚል የስህተት ቁጥር ብቻ አይመልስ፣ «ቀኑ አልፏል፤ ከዛሬ ወዲያ ያለ ቀን ላክ» ይበል። ሁሉን ጻፊ ስልሽ ግን አንዛዢው ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ መግለጫ ሞዴሉ ከሚያነበው ቦታ ይሻማል። የሚመሳሰሉ ሦስት መሣሪያዎች ካሉሽ አንድ ይበቃ እንደሆነ እዪ።

ሙከራውን በራስሽ ዓረፍተ ነገር አትሥሪው። እዚህም፣ ገደራም፣ ያቭኔም ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) ሄደሽ ከእናቶችና ከአባቶች ጋር ተቀመጪ። አማርኛና ዕብራይስጥ ቀላቅለው፣ አንዳንዶቹም በትግርኛ፣ ቀጠሮ ሲጠይቁ በፈቃዳቸው መዝግቢ፤ ስማቸውንና መታወቂያቸውን አትያዢ። ከዚያ ኤጀንቱ የቱን መሣሪያ እንዳነሳና ምን እንደሞላበት አንድ በአንድ አንብቢ። ሲሳሳት ሞዴሉን ለመቀየር ከመቸኮልሽ በፊት መግለጫውን ኮዱን አይታ ለማታውቅ ባልደረባሽ ስጪያት፤ ያንኑ ቀጠሮ እሷ ትሙላው። እየሞላች የምትጠይቅሽን ሁሉ ጻፊ፣ መልሱንም መግለጫው ውስጥ አስገቢ።