መድኃኒት በምስጢር አይወሰድም

ወባ የያዘው ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ ቍስል የወጣበትም ሲያቃስት ጎረቤት ይሰማዋል፤ የስኳር ደዌ ግን፣ ይልቁንም በጎልማሶችና በሽማግሌዎች ላይ ቀስ ብሎ የሚመጣው ዓይነት፣ ብዙ ዓመት ሳይናገር በሥጋ ውስጥ ተቀምጦ ዐይንን፣ ኩላሊትንና የእግርን ነርቭ ሲያበላሽ፣ ባለቤቱ እርሻውን እያረሰ፣ ገበያውን እየወጣ ይኖራልና፣ ሐኪሙ «ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልክህን ትወስዳለህ» ባለው ጊዜ ቃሉ ከልቡ ሳይደርስ ቢቀር የሚያስደንቅ አይደለም። ያላመመውን ነገር በየዕለቱ ማከም ለማንኛውም ፍጡር ከባድ ነው።

ስለዚህም የታዘዘውን መድኃኒት ማጓደል በእኛ በግምጃ ቤት ከተማና በመላው አዊ አገር ብቻ የሚታይ ድካም መስሎን አንሸማቀቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ ሐኪምና ፋርማሲ በየመንገዱ በሞላባቸው በበለጸጉት አገሮች እንኳ፣ ረጅም ዘመን ለሚቆይ ሕመም የታዘዘላቸውን ሕክምና በሚገባ የሚከተሉት በአማካይ ከመቶ 50 ያህል ብቻ መሆናቸውን፣ በድኃ አገሮችም ቍጥሩ ከዚህ እንደሚያንስ ገልጧል። እንግዲህ የዓለም ሰው እኩሌታው ሰነፍ ነው ካላልን በቀር፣ ትጉሁን ሰው ከመንገድ የሚያስቀረው ምን እንደ ሆነ በትዕግሥት መመርመር ይገባናል።

እኔ በበኩሌ ምክንያቱ ብዙ መሆኑን ባውቅም፣ ምክንያቶቹን ሁሉ ወደ ጥፋት የሚያደርሳቸው አንድ ነገር ነው እላለሁ፤ እርሱም ምስጢር ነው። ሕመምተኛው ደዌውን ከጎረቤቱ፣ ችግሩን ከቤተ ሰቡ፣ ያጓደለውን መድኃኒት ደግሞ ከሐኪሙ ይሰውራል፤ ብቻውን ይወስናል፣ ዋጋውንም ብቻውን ይከፍላል።

አስቀድመን የገንዘብንና የመንገድን ነገር እንይ። ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ፣ የቀን ሥራውን ትቶ ወደ ሕክምና የሚመጣ ገበሬ በቸልተኝነት አይታማም። ነገር ግን የደከመበት መድኃኒት አልቋል ተብሎ ከውጭ እንዲገዛ በታዘዘ ጊዜ፣ የአንዱን ወር ለሁለት ወር ለማድረስ ሲል በግማሽ መውሰድ ይጀምራል፤ ይህንም ለሐኪሙ መናገር ያፍራል። ሐኪሙም ስኳሩ ከፍ ብሎ ባየ ጊዜ መድኃኒቱ ያነሰው መስሎት መጠኑን ይጨምርለታል፤ ሰውየው ገንዘብ አግኝቶ የተጨመረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መውሰድ ሲጀምር፣ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ በመንገድ ላይ ሊጥለው ይችላል። እነሆ፣ ድኅነት የጀመረውን ጥፋት ዝምታ ፈጸመው ማለት ነው። እውነቱ ቢነገር ኖሮ ግን ሐኪሙ በዋጋ የሚቀል መድኃኒት መምረጥ ይችል ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙው አገር የተስፋፋውም የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለእንዲህ ያለው ሰው የታሰበ ነው። የመንገድንም ችግር በሚመለከት፣ በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳርና የሌሎች ረጅም ሕመሞች ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ እንዲካሄድ ማድረጋቸው፣ ባለሥልጣኖቻችን ሊከተሉት የሚገባ መልካም አብነት ነው።

ሁለተኛው የመርፌ ፍርሃት ነው። ኢንሱሊን የታዘዘለትን ሰው ያየ ሁሉ «መጨረሻው ደረሰ» ይላል፤ ሕመምተኛውም ይህን እየሰማ መርፌውን ይሸሻል። የታሪኩ እውነት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በልጅነቱ በስኳር የተያዘ ሰው ምግቡን እጅግ ቀንሶ ጥቂት ጊዜ ከመሰንበት በቀር ተስፋ አልነበረውም። ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፣ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ፤ መድኃኒቱ ገና በሚገባ ያልጠራ ስለ ነበር ብዙ ባይረዳውም፣ ከ12 ቀን በኋላ ተጣርቶ በተሰጠው ጊዜ ስኳሩ ወረደለት፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ስለዚህ መርፌው የሞት ምልክት ተብሎ ሊፈራ አይገባውም፤ ይልቁንም በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚነሣው የስኳር ዓይነት ኢንሱሊን ቢቋረጥበት በጥቂት ቀን ውስጥ ለሞት ያደርሳልና። አጠባበቁም ቢሆን ግልጽነትን ይሻል፤ እንግዳ እንዳያየው ተብሎ ከምድጃ አጠገብ የተሸሸገ ብልቃጥ በሙቀት ይበላሻል፤ የተጀመረ ብልቃጥ ግን ከፀሐይና ከእሳት ርቆ፣ በውሃ በራሰ አሸዋ መካከል በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ቢኖር፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እንኳ አራት ሳምንት ያህል ሊያገለግል ይችላል።

ሦስተኛው በሃይማኖት ስም የሚመጣው ነው፤ ይህንም በአክብሮትና በጥንቃቄ መናገር ይገባል። ወደ ጠበል የሄደ ሰው መድኃኒቱን ቢይዝ እምነቱን ያጎደለ የሚመስለው ብዙ ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ግን ለሞት በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ 15 ዓመት ዕድሜም ተጨመረለት፤ ይሁን እንጂ ነቢዩ ኢሳይያስ ያን የፈውስ ቃል ካመጣለት በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። እግዚአብሔር እድንሃለሁ ያለው ንጉሥ መድኃኒቱን ካልናቀ፣ እኛ ለመናቅ ማን ነን? መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ባለ መድኃኒት እንዲከበር ያስተምራል፤ ወንጌልን ከጻፉት አንዱ ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ማስተማራቸው የሚታወስ ነው፤ ለዚያ ደዌ የተነገረው ለስኳርም ይሠራል። ጾምንም በሚመለከት፣ ቀኖናው የሥጋ ድካም ላለበት ሰው መውጫ ትቶለታል፤ ለሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን እንዲሁ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ እየዋለ ኢንሱሊን ወይም ስኳር አውራጅ ክኒን የሚወስድ ሰው ራሱን ሊስት ይችላልና፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ሁለቱንም ያማክር፤ ለአንዱ የተናገረውን ከሌላው አይሰውር።

አራተኛው ማዕድ ነው። በእኛ አገር እንግዳን «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ፍቅር፣ እንቢ ማለትም ነውር ነውና፣ በሰንበቴና በማኅበር፣ በሠርግና በተዝካር፣ ደዌውን ያልገለጠ ሰው ጠላውንም አረቄውንም ተቀብሎ ከመጠጣት በቀር ማምለጫ የለውም። በዚህ ላይ ማር መድኃኒት ስለ ሆነ ስኳርን አይጨምርም የሚል፣ መራራ ሥር ሁሉ ስኳርን ይገድላል የሚል፣ ያልተመረመረ ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣበታል። ማር ስኳርን ይጨምራል፤ ምሬትም ስኳርን ለማውረዱ ማስረጃ አይሆንም። እንግዲህ ባለ ድግስ የሆንክ ሁሉ፣ እንግዳህ ይበቃኛል ሲልህ ሁለተኛ አትለምነው፤ እርሱን መውደድ ማለት አለማስገደድ ነውና።

ደግሞም ምስጢሩን የሚያጠብቀው የሕሙማን ጥፋት ብቻ አይደለም። ትዳር ያልያዘች ልጅ ስኳር እንዳለባት ቢታወቅ ማን ያገባኛል ብላ መርፌዋን የምትደብቀው፣ እኛ በመንደር ስለምናወራ ነው፤ ይህች ልጅ ሕክምናዋን እየተከታተለች አግብታ መውለድ የምትችል መሆኗን ግን የሚነግራት የለም። በሕክምናውም ቤት መድኃኒት ያጓደለን ሰው በሕዝብ ፊት የሚቈጣ ባለሙያ፣ በሚመጣው ወር እውነትን ከዚያ ሰው አፍ አያገኝም። ከገጠር የመጡ እናት በአውኚ ቋንቋ የሚያስቡትን ሕመም በአማርኛ ተጠይቀው፣ ምክሩንም በችኰላ አማርኛ ተቀብለው፣ ገብቶዎታል ወይ ሲባሉ በጨዋነት አዎን ብለው ይወጣሉ። ነርሶቻችን በአፍ መፍቻቸው ቢያስረዷቸውና የሰሙትን መልሰው እንዲናገሩ ቢጠይቋቸው፣ ብዙው ስሕተት ከበሩ ሳይወጣ ይታረም ነበር።

ከሐኪም ተሰውሮ የሚቀር እንደሌለም ከፈረስ እንማር፤ የአዊን ሰው ስለ ፈረስ ማንም አያስተምረውም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጥር 23 ቀንን ሲያከብር፣ በዚያ ዕለት በሜዳው ላይ የሚያምረው ፈረስ በዋዜማው ገብስ የበላው እንዳልሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ የተቀለበውና የተገራው እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። እንዲሁም ከቀጠሮው በፊት ሁለት ቀን ብቻ ከጣፋጭና ከመጠጥ የሚከለከል ሕመምተኛ የዕለቱን ምርመራ ያሳምር ይሆናል፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ግን ያለፈውን ሁሉ ይገልጠዋል፤ ዐይንና ኩላሊትም ሐኪም ባያይም ይቈጥራሉ።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ ሆይ፣ ምክሬ ይህ ነው። ስኳር ያለብህ ሰው፣ በመጀመሪያ ለሚስትህና ለልጆችህ ንገር፤ ስኳርህ ወርዶ ስትንቀጠቀጥና ሲያልብህ፣ አእምሮህም ሲደናገር በስኳር የተበጠበጠ ውሃ የሚሰጥህ፣ ማታም ውስጥ እግርህን የሚያይልህ የቤት ሰው ነውና፤ ባዶ እግርህን አትሂድ፤ መድኃኒት ያጓደልህበትን ቀንና ምክንያት ለሐኪምህ ሳታሳንስ አስረዳ። የቤት እመቤት ሆይ፣ ለታማሚው ብቻ የተለየ ምግብ በማብሰል አታግልዪው፤ ጐመኑና ጥራጥሬው፣ በልክ የሚቀርበውም እንጀራ ለቤቱ ሁሉ ይጠቅማል። ካህናት አባቶቻችን ሆይ፣ ከመድረክ ላይ አንድ ጊዜ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ ብትሉ፣ ከብዙ ሐኪም ምክር ይልቅ ይሰማል። የዕድርና የፈረሰኞች ማኅበር መሪዎች ሆይ፣ አባላችሁ ከሞተ በኋላ ለመቅበር የምትሰበስቡትን ገንዘብና ጉልበት ጥቂቱን በሕይወት ሳለ ለጤና መድን መዋጮውና ለመጓጓዣው አውሉለት። የሕክምና ባለሙያዎች ሆይ፣ «ለምን አልወሰድክም?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አስቸገረህ?» በሉ። ይህን ሁሉ ያደረግን እንደ ሆነ ደዌው ባይጠፋም፣ የስኳር ሕሙማን ሸክማቸውን ብቻቸውን መሸከማቸው ይቀራል፤ የታዘዘውንም መፈጸም የሚቻል ሥራ ይሆናል።