ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በዚህ በእንግሊዝ አገር ቅዳሜና እሑድ ድንኳኑን ጭኖ ወደ ገጠር የሚወጣው ብዙ ነው፤ ዐርፎ የሚመለሰው ግን ቦታ መምረጥ የሚያውቅ ነው። ድንኳን ከተተከለ በኋላ የመኪና ቁልፍ የሚያስፈልግበት ሰፈር፣ ሣሩ ምን ቢለመልም የዕረፍት ቦታ አይባልም።

ይህን ያስተማረችኝ ኢዴል ናት፤ በፒክ ዲስትሪክት፣ ከማንቸስተር ሼፊልድ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ያለች ትንሽ መንደር። ከባቡር ወርደን፣ ጓዛችንን አዝለን ብዙም ሳንሄድ ድንኳን የሚተከልበት ማሳ ደረስን። በመንደሯ ውስጥ ካለው ኦልድ ናግስ ሄድ ከሚባለው ፐብ ደጃፍ ደግሞ ፔናይን ዌይ ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተ፣ ስኮትላንድ ድረስ 431 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የኦርድናንስ ሰርቬይን ባለ 1፡25,000 ካርታ ዘርጉ። አረንጓዴው ሰረዝ የእግር መንገድ፣ ሰማያዊዋ ድንኳን ማደሪያ፣ ባለ እጀታዋ ሰማያዊ ኩባያ ፐብ ናት። በዚህ ካርታ 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከድንኳኗ እስከ ኩባያዋ ከ8 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ማታ ባትሪ አብርታችሁ በእግራችሁ ትመለሳላችሁ።

አንድ ነሐሴ አብረውን የወጡ ወጣቶች የጅረቱ ድምፅ ደስ ብሏቸው ዳርቻው ላይ ሰፈሩ። እኔና ባለቤቴ ከድንጋዩ ካብ ሥር፣ ጠፈፍ ካለው ቦታ ተከልን። ሌሊቱን ዘንቦ ሲነጋ የእነሱ መኝታ ውሃ ተኝቶበታል፤ እኛ ሻይ አፍልተን ጠራናቸው። ካስማው ሲገባ ውሃ የሚያወጣ መሬት ማደሪያ አይሆንም። ካብ ነፋስን ይመልሳል፤ ሸለቆ ግን ብርድን ያከማቻል። ውሃን ቅረቡት እንጂ አትጎራበቱት።

ኪንደር ስካውት የተባለውን 636 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ስንወጣ አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ የአካባቢውን ታሪክ አጫወቱን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ለአደን የተከለለውን ይህን ተራራ ተሰባስበው ወጡ፤ ከመካከላቸውም 5ቱ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ፒክ ዲስትሪክትም እ.ኤ.አ. በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሌላው ታስሮ ያስከፈተውን መንገድ እናንተ በጨዋነት ሂዱበት፤ የከፈታችሁትን በር ዝጉ፣ በግ ባለበት ውሻችሁን እሰሩ። ዳርትሙር በሚባለው አካባቢ ከተፈቀዱት ስፍራዎች በቀርም በሰው መሬት ላይ ለማደር የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሳይጠይቅ የሰፈረ እንግዳ ሳይነጋ ይነሳል።

ነሐሴ ሲመጣ ፍልሰታን ይዞ ስለሚመጣ፣ ባለቤቴ ሁልጊዜ ከመንገዳችን በፊት ወደ ፐቡ ደውላ ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ ወጥ ቤቱ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ቪጋን ምግብ አላችሁ? አንድ ምሽት እኛ ትኩስ ምግብ ቀርቦልን ስንበላ፣ ከተራራ ዘግይተው የወረዱ ቤተሰቦች መጠጡ እየተቀዳ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ አገኙት፤ ልጆቻቸውም የድንች ጥብስ ከላስቲክ እየበሉ አደሩ። የፐብ በር እስከ ሌሊት ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ምድጃው ግን ቀድሞ ይጠፋል። ስትገቡም ጭቃ ጫማችሁን ደጅ አውልቁ፤ አስተናጋጅ አትጠብቁ፣ ባንኮኒው ድረስ ሄዳችሁ እዘዙ። በመንደር ፐብ ውስጥ በትሕትና የገባ ሰው የነገውን መንገድ ከአገሬው አፍ ይሰማል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጥሩ ማሳ ቶሎ ይያዛልና ቦታውን ቀድማችሁ ያዙ። በመጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ መሬቱን፣ ከዚያ ማዕዱን መርምሩ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ፤ የሚኖሩበትን አገር በእግራቸው ይወቁት።