አክሲዮኑን ማን ሸጠላችሁ?

አክሲዮን የገዛ ሰው «ይህን ድርጅት ለምን መረጥክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው የሰው ስም ነው። የሥራ ባልደረባው ነግሮት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሽያጭ ክፍል ተቀጥሮ ለምኖት ነው፤ ከአደራጆቹ አንዱ ያገሩ ሰው ነው፤ ወይም የዕቁብ ጓደኞቹ በሙሉ ስለገዙ እሱም ገዝቷል። ድርጅቱ አምና ስንት እንዳተረፈ፣ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት፣ ቦርዱ ላይ እነማን እንደተቀመጡ አያውቅም። ይኸው ሰው ያገለገለ መኪና ሲገዛ ግን መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፤ ሊብሬውን ደጋግሞ ያገላብጣል።

መተማመን ይቅር አልልም። ብዙዎቹ የግል ባንኮቻችንና ኢንሹራንሶቻችን የተመሠረቱት በእሱ ነው። ሆኖም አክሲዮን የሚሸጥላችሁ ዘመድ ከሚያውቀው በላይ ሊነግራችሁ አይችልም፤ የሚያውቀውም አንዳንዴ የተሰጠውን በራሪ ወረቀት ብቻ ነው። በሸጠው ልክ ኮሚሽን የሚታሰብለት ከሆነ ደግሞ ምክሩን እንደ ማስታወቂያ ስሙት።

ስለዚህ ወረቀት ጠይቁ። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ለሕዝብ የሚቀርብ አክሲዮን የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያጸደቀው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ያስፈልገዋል። ሻጩ «እሱ ገና ነው፣ እናንተ ግን ቦታ ያዙ» ካላችሁ ገንዘባችሁም ገና ነው። መግለጫው ቢጸድቅም ባለሥልጣኑ ለትርፋችሁ ዋስ ሆኖላችኋል ማለት አይደለም፤ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ተጽፎ ቀርቦላችኋል፣ ማንበቡ የእናንተ ፋንታ ነው ማለት ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አሥር በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያወጣ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ያለው ሰው ተቀምጦ በቴሌብር ይገዛ ነበር። በየካቲት ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ አውጥተው ገዝተዋል። በጣት ንክኪ የሚያልቅ ግዢ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለማንበብ ፋታ አይሰጥም። በደንበኛ ሳቢ መግለጫ ውስጥ እኔ ቀድሜ የምከፍተው ስለ ሥጋቶች የተጻፈውን ክፍል ነው። ምክንያቱም ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዶላር ተበድሮ በብር የሚሸጥ ድርጅት ተጨማሪ አንድ ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው በብር ሲሰላ እጥፍ ወደ መሆን ደረሰበት። ይህ በበራሪ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ በሥጋቶች ክፍልና በሒሳብ መግለጫው ማብራሪያዎች ውስጥ ግን ይገኛል።

ወደ ዓመታዊ ሪፖርቱ ስትገቡ የቦርድ ሰብሳቢውን መልእክትና ፎቶግራፎቹን እለፏቸው። ከውጭ ኦዲተሩ አስተያየት ጀምሩ። «ከዚህ በስተቀር» የሚል ሐረግ ካያችሁ ከእሱ በኋላ ያለውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ቀጥሎ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ከትርፉ ጋር አስተያዩ፤ ድርጅቱ በየዓመቱ አተረፍኩ እያለ ከሥራው ገንዘብ የማይገባው ከሆነ ትርፉ ያለው ደንበኞች ገና ባልከፈሉት ዱቤ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ባንክ ከሆነ የተበላሸ ብድሩን ድርሻ እዩ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን «ትርፋችን አደገ» በሚለው ዜና ነው። አንድ ባንክ አምና 2 ቢሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ይዞ 800 ሚሊዮን አተረፈ እንበል። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር ከሆነ እያንዳንዱ 400 ብር አስገኝቷል። ዘንድሮ ካፒታሉን ወደ 4 ቢሊዮን አሳድጎ 1 ቢሊዮን አተረፈ። ጋዜጣው ትርፉ በ25 በመቶ አደገ ይላል፤ የእናንተ አንድ አክሲዮን ያስገኘው ግን ወደ 250 ብር ወርዷል። ይህ ተራ ምሳሌ አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ ወዲህ አዲስ አክሲዮን እንዲሸጡ ተገደዋል። በዚያ ላይ ባንኮች ከተጣራ ትርፋቸው 25 በመቶውን፣ መጠባበቂያው ካፒታላቸውን እስኪያክል፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ማስቀመጥ አለባቸው። ኪሳችሁ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ነው፤ የዋጋ ግሽበቱ ደግሞ 30 በመቶ ያለፈባቸውን ዓመታት አይተናል።

በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት ሲሆን የሚነበብ የሒሳብ ታሪክ የለም። እዚያ ላይ የተፈረመውንና የተከፈለውን ካፒታል ለይታችሁ ጠይቁ፤ «ቢሊዮን ሰብስበናል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የተፈረመው ነው። ምሥረታው ባይሳካ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ የተቆረጠውስ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ከድርጅቱ በፊት ሕጉን መርምሩ። የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በ2011 ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ታዘው ነበር። ድርጅቶቹ አልከሰሩም፤ ጉዳዩ የፓስፖርት ነበር። የቴሌኮሙ ሽያጭም ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ነው የቀረበው።

መውጫችሁንም ከመግባታችሁ በፊት እወቁ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሲከፈት ወጋገን ባንክ ቀድሞ ተመዘገበ፤ ይሁንና አብዛኞቹ አክሲዮን ማኅበራት ገና ከገበያው ውጪ ናቸው። የእነሱን አክሲዮን ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ዛሬ ልሽጥ ብትሉ ገዢውን የምትፈልጉት ራሳችሁ ናችሁ። ለዓመታት የማትፈልጉትን ገንዘብ ብቻ አስገቡ።

ገዝታችሁ ከሆነም አልረፈደም። በጠቅላላ ጉባኤ ዕለት ከረጢትና ምሳ ተቀብሎ የሚመለሰው ባለአክሲዮን ብዙ ነው፤ ኦዲተሩን የሚሾመውም የቦርድ አባላቱን የሚመርጠውም ግን እሱ ነው። ሪፖርቱን ቀድማችሁ አንብቡና ድርጅቱ ከቦርድ አባላቱ ወይም ከእነሱ ኩባንያዎች ጋር ምን ውል እንዳለው በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ፈልጉ። ካላገኛችሁት እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።