ፍምና አመድ

ሮክ የወጣትነት ቁጣ ልጅ ነውና የሙዚቀኛው የፈጠራ እሳት ከጉልበቱ ጋር ይከስማል የሚሉ አሉ። ማስረጃ አያጡም። ሮሊንግ ስቶንስ እ.ኤ.አ. በ2005 ካወጡት አልበም በኋላ፣ የራሳቸውን አዳዲስ ድርሰቶች የያዘ ሌላ አልበም እስኪያወጡ 18 ዓመታት አልፈዋል፤ በቀድሞ ዘፈኖቻቸው ስታዲየም መሙላቱን ግን አላቋረጡም።

ይሁንና ዕድሜን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። ዴቪድ ቦዊ ከ2004 በኋላ የኮንሰርት ጉዞ አላደረገም፤ አሮጌውን ዜማ ድገምልን የሚል ታዳሚ ፊቱ አልቆመም። በካንሰር ታሞ ሳለ ከኒው ዮርክ የጃዝ ሙዚቀኞች ጋር የሠራው «ብላክስታር» ጃኑዋሪ 8 ቀን 2016፣ በ69ኛ የልደት ቀኑ ወጣ፤ በሁለተኛው ቀን ዐረፈ። ያ ሥራ የቀደሙት ሥራዎቹ ቅጂ አልነበረም።

ጥያቄው እንግዲህ ወደ እኛም ይዞራል። ትኬት ቆርጠን ገብተን፣ አዲሱ ዘፈን ሲጀመር የምንቀዘቅዝ፣ አሮጌው ሲመጣ ከወንበራችን የምንነሣ እኛ ነን። በገንዘባችን የምንሸምተው የራሳችንን ወጣትነት ነው። ሙዚቀኛውም ጭብጨባውን ይለምድና ስንፍናውን ታማኝነት ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ውል ፍሙ አይጠፋም፤ አመድ ይለብሳል። አመዱን መግለጥ የሙዚቀኛው ዕዳ ነው፤ አዲሱን ዘፈን ታግሦ ማዳመጥ ደግሞ የእኛ።