ሕፃኑ የማያስታውሰው ቀን

ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር ለመጓዝ ጓዙን የሚሸክፍ ቤተሰብ፣ ገና በእግሩ መሄድ የጀመረ ልጅ ያለው እንደ ሆነ፣ አንድ ክርክር ሳይሰማ ከቤቱ አይነሣም። መንገዱ ረጅም፣ መኪናው ጠባብ፣ ልጁም ብርድ የማይችል ነውና፣ ከዘመድ አንዱ «ይህ ሕፃን ምን ያውቃል? ነገ ለማያስታውሰው ነገር ዛሬ ስለ ምን ይንገላታል? ከሞግዚቱ ጋር እዚሁ ይቅር» ይላል። ንግግሩ ከርኅራኄ የወጣ ነው፤ ነገር ግን ሊቃውንት በብዙ የደከሙበትን ጥያቄ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም፣ ከተቀባዩ ልብ የጠፋ በጎ ነገር እንዳልተደረገ ይቈጠራልን? የሚል ነው።

በመስቀል ሰሞን የጉራጌዋ ከተማ እምድብር ለልጆቿ ትጠባቸዋለች። ከመርካቶና ከየከተማው ንግድ የተመለሰው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ገበያዋ ይወጣል፤ እኛም የሁለት ዓመት ልጃችንን ይዘን ከሰው መካከል ዋልን። ከተማዪቱ በ1996 ዓ.ም. የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መንበር ሆናለችና ካቴድራሉን ልናሳየው፣ አያቶቹ ያደጉበትንም ሰፈር ጀፎረ ከሚባለው ሰፊ የመንደር ጎዳናው ጋር ልናስጎበኘው አስበን ነበር። እርሱ ግን ከቆመ ባጃጅ አጠገብ ተቀምጦ ከጎማው ላይ የደረቀ ጭቃ ሲልጥ ቆየ፤ ብንጎትተው አለቀሰ፤ ብንተወው ደግሞ ሌላው ዓለም ሁሉ ያለፈ እስኪመስል ድረስ በዚያች ጭቃ ተመሰጠ። ወደ ገበያው ከገባን በኋላ፣ ቅቤ ዘርግታ የተቀመጠች አንዲት እናት ልጁን አየችና፣ ሳንጠይቃት ከምትሸጠው ቅቤ በጣቷ ቈንጥራ አናቱን ቀባችው፤ «እደግ፣ ተመንደግ» ብላም መረቀችው። ዋጋ ልንሰጣት ብንል ተቈጣች።

ይህን ቀን ልጃችን እንደማያስታውሰው የታወቀ ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ሰው ከ3 ዓመት ዕድሜው በፊት ከሆነበት ነገር በአብዛኛው አንዳች አያስታውስም። ይህም አዲስ ዕውቀት አይደለም፤ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ ቅዱስ አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መጻፍ በጀመረው ኑዛዜው፣ ሕፃንነቱን ከሰዎች አፍ እንደ ሰማና ሌሎችን ሕፃናት በማየት እንደ ገመተ ገልጾ፣ ያን የማያስታውሰውን ዘመን ከሕይወቱ ጋር ለመቍጠር እንደሚያመነታ ተናግሯል። በዚህ ነገር ከታላቁ ሊቅ ጋር ልስማማ አልቻልኩም፤ ደግሞም መልሱን የሰጠው እርሱ ራሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዚያው መጽሐፍ፣ የእናቱንና የሞግዚቶቹን ጡት የሞላ እግዚአብሔር ነው ብሎ፣ ጣዕሙን ለማያስታውሰው ወተት ምስጋና አቅርቧል። ምስጋና የሚቀርብበት ነገር እንዴት ከሕይወት ውጭ ሊሆን ይችላል?

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ታጠምቃለች፤ ወዲያውም ቅብዓ ሜሮን ትቀባቸዋለች፤ ሥጋ ወደሙን ታቀብላቸዋለች። ሕፃኑ ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ አያስታውስም፤ ሆኖም ጥምቀቱ አይደገምም፤ ባደገም ጊዜ «ስላላስታወስኩት አልተጠመቅሁም» ሊል አይችልም። ጸጋ በተቀባዩ አእምሮ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ ካህኑ ልጁ እስኪያውቅ በጠበቀ ነበር። እስላም ጎረቤቶቻችንም በዚህ አይለዩም፤ ልጅ እንደ ተወለደ በጆሮው አዛን ያሰሙታል፤ ቃሉን የሚያስተውልበት ልብ ገና እንደሌለው እያወቁ ያሰሙታል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን የዘመነ ጽጌ ነገር ነው። መስቀል በተከበረ በ9ኛው ቀን፣ መስከረም 26፣ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት ማሰብ ትጀምራለች፤ ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌ ሲቆሙ እያደሩ እስከ ኅዳር 5 ቀን ይዘልቃሉ፤ በማግስቱም የቁስቋም በዓል ይውላል። 40 ቀን ሙሉ የሚታሰበው ይህ ጉዞ፣ አንዲት እናት ሕፃኗን ከሄሮድስ ሰይፍ ለማዳን ታቅፋ በረሃ የተሻገረችበት ነው፤ ትውፊታችንም የስደቱን ዘመን 3 ዓመት ከ6 ወር ያደርገዋል። ስለ ጌታችን ዕውቀት መናገር ከአቅሜ በላይ ነው፤ በመለኮቱ የሚሰወረው ነገር የለምና። ስለ እናቲቱ ግን ወንጌላዊው ሉቃስ ሁለት ጊዜ ጽፎልናል፤ በልደቱ ሌሊት እረኞቹ በመጡ ጊዜና፣ ልጇ በ12 ዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሳለ በከተማው ቀርቶ በ3ኛው ቀን በመቅደስ በተገኘ ጊዜ፣ የሆነውን ሁሉ በልቧ ጠበቀችው። ከዚህ የምረዳው፣ የሕፃን ዘመን ማኅደሩ የተሸከመው ሰው ልብ መሆኑን ነው። እያንዳንዳችን በሌላ ሰው ልቡና ውስጥ የተቀመጠ፣ እኛ ልንከፍተው የማንችል የሕይወት ክፍል አለን።

በጓሮ ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ የተቀበረ ቆጮ፣ ማንም ሳያየው እየበሰለ ለሚመጣው ዓመት ምግብ እንደሚሆን፣ ልጅ የተቀበለው ፍቅርም ከመታሰቢያ በታች ወርዶ ሥራውን ይሠራል ብዬ አምናለሁ። የታቀፈ ሕፃን ማን መቼ እንዳቀፈው ይረሳል፤ ሰውን ሳይፈራ ወደ ሰው እጁን መዘርጋትን ግን አይረሳም።

ስለዚህ «ይህ ሕፃን ምን ያውቃል» የሚለው ዘመድ፣ ሳያስበው የደቀ መዛሙርቱን ክርክር ይደግማል። እነርሱም ሕፃናትን ወደ ጌታ የሚያመጡትን ሰዎች ገሥጸው ነበር፤ ጌታ ግን ተቈጣ፤ አቅፎም እጁን ጭኖ ባረካቸው። ከእነዚያ ሕፃናት ያን ቀን ያስታወሰ አንድ እንኳ ስለ መኖሩ ወንጌላዊው ማርቆስ የጻፈው ነገር የለም። በረከቱ ያን አልጠበቀም።

አንድ የሚከብድ ጥያቄ ይቀራል። የተሸከሙት ሰዎች ሳይነግሩት የሞቱበት ልጅ፣ አባቱ በገበያ በትከሻው እንዳዞረው የሚመሰክርለት አንድ ሰው እንኳ ያልቀረለት፣ ያ ቀን በማን ዘንድ ይኖራል? በሰው ዘንድ መኖሪያ እንደሌለው መካድ አይቻልም፤ ማጽናናትም የሚገባው ይህን ሳይሸሽጉ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እናት ልጇን የመርሳቷን ነገር አንሥቶ ከዚያ የሚያልፍ የእግዚአብሔርን ማሰብ የተናገረው፣ ለእንዲህ ያለው ልጅ ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉ የረሳው በጎ ነገር ሆኖ እንደ ነበረ የሚቀረው፣ ያደረገውንም የተደረገለትንም የሚያውቅ አንድ ስላለ ነው። ይህን የማያምን ሰው ለጥያቄው ሌላ መልስ መፈለግ አለበት፤ እኔ አላገኘሁም።